ለታዘባቸው የታዘዘለት ሁሉ

መጀመሪያ ያየሁት ምልክት ፍትፍቱን መተዉን ነው። ታዘባቸው ምግብ የሚተው ውሻ አልነበረም። ገና ግማሽ ዓመት ያልሞላው ቡችላ ሆኖ ሳለ የእናቴን ነጠላ ጫማ፣ የጎረቤት ካልሲና የፀጉር ማድረቂያዬን ገመድ አኝኮ የጨረሰ ፍጡር ነው። ያን ሰኞ ጠዋት ግን ሳህኑን አሸተተ፣ ቀና ብሎ አየኝ፣ ሄዶም ከግድግዳው ሥር ተጋደመ። የሆነ ቦታ ሰርቆ በልቶ ነው ብዬ ተሳድቤ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ቢጫ አረፋ አስታወከ፤ ሊመሽ ሲል ደግሞ ተቅማጥ ጀመረው።

ይህን የምጽፈው ቡችላቸው ታሞባቸው ስልካቸው ላይ «የውሻን ኢሚውኒቲ የሚጨምር መድኃኒት» እያሉ ለሚፈልጉ ሰዎች ነው። እኔም እንደዚያው ስፈልግ ነበር። ያገኘሁት ምክር ግማሹ ውሻውን የሚገድል፣ ግማሹ ባለቤቱን የሚያሳብድ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ሐኪሙ የነገረኝንና በዓይኔ ያየሁትን ብቻ ነው የምናገረው። መሀል ላይ ንዴት ከበዛብኝ ደግሞ ይቅርታ አልጠይቅም፤ ነገሩ ያናድዳል።

ደብረ ታቦር ውስጥ ትንሽ የሴቶች ፀጉር ቤት አለችኝ። ከዐረብ አገር ከተመለስኩ ወዲህ ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው፤ ፀጉር ቤቷም ከግቢያችን የመንገድ ፊት ያለችው ክፍል ናት። ውሻውን ያመጣልን ከከተማው ወጣ ብሎ ጋፋት ላይ የሚያርሰው አጎቴ ነው፣ ስሙን ያወጣችው ግን እናቴ ናት። በእኛ አገር ውሻ ስም የሚወጣለት ለጎረቤት መልእክት ለማድረስ ነው። እኔ ያለ ባልም ያለ ቤትም ተመለስኩ ብለው ሲያወሩ የሰማችው እናቴ፣ አጥሩ ሥር ቆማ «ታዘባቸው! ና እስቲ፣ ታዘባቸው!» እያለች ትጣራ ጀመር። ሁሉም ለማን እንደሆነ ገባው። ውሻውም ስሙን ወደደው።

ማክሰኞ ጠዋት ደም ነበር። ብዙ ደም። ሽታው የተለመደው የተቅማጥ ሽታ አይደለም፤ አንዴ ያሸተተው ሰው አይረሳውም። ጠራሁት። አልተነሳም። ጅራቱን ትንሽ ነቅነቅ አደረገና ተወው። ዓይኖቹ ወደ ውስጥ ገብተዋል። ድዱን ገልጬ አየሁት፤ ነጭ ነበር።

ያን ጊዜ ነው ሰው ሁሉ ሐኪም የሆነው። ከኮሮና ወዲህ በእኛ ሰፈር ስለ ኢሚውኒቲ የማያውቅ ሰው የለም። ቃሉን ሕፃን ሽማግሌው ይጠራዋል፤ ምን እንደሆነ ግን የሚጠይቅ የለም። የአጥር ጎረቤታችን እትዬ ጥሩዬ መጀመሪያ ደረሱ። «ፌጦ ነው መድኃኒቱ» አሉ። «ፌጦ በሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት ጣል አድርጎበት። እኛ በዚያ በሽታ ጊዜ በሱ አይደል የተረፍነው?» የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር የተቀመጠች ደንበኛዬ ዝንጅብልና ማር ይሻለዋል አለች። ተራዋን የምትጠብቀው ደግሞ ከእብናት ገበያ የሚመጣ የቅጠል ዱቄት አለ፣ ለበግም ለሰውም ይሆናል አለች። ኩዌት የቀረችው ጓደኛዬ በድምፅ መልእክት፣ እመቤቷ ድመቷን በየጠዋቱ የምታልሰው ከቱቦ የሚወጣ ኢሚውን ቡስተር መኖሩን ነገረችኝ፤ ስሙን ግን አታውቀውም፣ ቀለሙ ቡናማ ነው። አንዲት ባልቴት ከጣራ ገዳም ያመጡት ጸበል ቤታቸው እንዳለ ጀመሩና፣ ለውሻ መሆኑ ትዝ ሲላቸው በድንጋጤ አማተቡ። እኔ እጄ በሰው ፀጉር ውስጥ ነው። ውሻዬ በር ላይ ደም ይቀመጣል።

የደንበኛዬን ፀጉር በግማሽ ትቼ ታዘባቸውን በጋቢ ጠቅልዬ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወሰድኩት። ክሊኒኩ ለበሬ፣ ለበግና ለአህያ ነው የተሠራው። ወረፋ ላይ ከነበሩት ሰዎች መካከል በሬያቸውን በገመድ የያዙ አንድ ሽማግሌ ጋቢውን ገልጠው አዩ።

«ሕፃን መስሎኝ ነው የደነገጥኩት» አሉ። «ውሻም ይታከም ጀመር?»

«ጀመረ፣ አባቴ» አልኳቸው። ሌላ የምለው ነበረኝ፤ ዕድሜያቸውን አይቼ ተውኩት። እሳቸው ግን ወዲያው ተራቸውን ለቀቁልኝ። «በሬው ቆሞ ይጠብቃል፤ ይኸ ግን የሚቆይ አይመስልም» አሉ። ያኔ ማልቀስ አማረኝ።

ዶክተሩ ወጣት ነው። የአንገቱን ቆዳ ቆንጥጦ ለቀቀው፤ ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቀረ። ድዱን አየ፣ ሆዱን ዳሰሰ፣ ሙቀቱን ለካ።

«ፓርቮ ቫይረስ ነው የሚመስለኝ» አለ። «መመርመሪያው እዚህ የለኝም፤ ዕድሜው፣ ደሙና ሽታው ግን እሱን ነው የሚናገሩት። ተከትቧል?»

«ዘመቻው ሲመጣ ተከትቧል።»

«ያ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ነው። ለዚህ አይሠራም።»

«እሺ፣ ኢሚውኒቲ የሚጨምርለት መርፌ የለም?»

ዶክተሩ በረጅሙ ተነፈሰ። ይህን ጥያቄ የጠየቀችው የመጀመሪያዋ ሰው እኔ እንዳልሆንኩ ከአተነፋፈሱ ገባኝ። «ስሚኝ እህቴ» አለ። «ይህ ቫይረስ የአንጀቱን ውስጠኛ ሽፋን ይልጠዋል። ነጭ የደም ሴል የሚመረትበትን መቅኔም ይመታል። ማምረቻው ራሱ ተመትቶ ምኑ ላይ ልጨምርለት? የቫይታሚን መርፌ ልወጋው እችላለሁ፤ ያንቺን ልብ ያሳርፋል እንጂ እሱን አያድነውም። ቶሎ የሚገድለው የውሃው ማለቅ ነው። ፈሳሽ በደም ሥር እንሰጠዋለን። ትውከቱን እናቆምለታለን። በተላጠው አንጀት ባክቴሪያ ወደ ደሙ እንዳይገባ አንቲባዮቲክ እንጨምራለን። ትውከቱ እስኪቆም በአፉ ምንም እንዳትሰጪው። ምንም።»

«ይተርፋል?»

«ከታከሙት ብዙዎቹ ይተርፋሉ። ካልታከሙት ጥቂቶች ናቸው የሚተርፉት።»

ክሊኒኩ ውስጥ ያለው መርፌ የበሬ ነው። ለቡችላ እግር የሚሆን ቀጭን ካኑላ፣ ደም ሥር ውስጥ የሚቀረውን ቱቦ፣ ከሰው ፋርማሲ መግዛት ነበረብኝ። ፋርማሲስቷ «ለስንት ዓመት ልጅ ነው?» ስትለኝ ለውሻ ነው አልኳት፤ ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳቀ። ይሳቁ። ካኑላውንም ሪንገር ላክቴት የሚባለውንም ፈሳሽ ይዤ ተመለስኩ። ዶክተሩ ካኑላውን በፊት እግሩ አስገብቶ አሰረልኝ፣ የመጀመሪያውን ከረጢት እዚያው ሰጠው፣ ቤት ውስጥ እንዴት እንደምቀጥልም አሳየኝ። ፀጉር ቤቷን ዘጋሁ። ከረጢቱን የሰቀልኩት የካስኩ ማቆሚያ ላይ ነው፤ ከፍታውም ልክ ሆነ፣ ጎማም አለው።

እስከ ረቡዕ ረፋድ ትውከቱ ቀነስ ብሎ ነበር። ፈሳሹ ስላለቀ ሌላ ልገዛ ወጣሁ። በአፉ ምንም እንዳይሰጠው ብዬ ለእናቴ ነገርኳት። ደግሜ ነገርኳት። «ሰማሁ፣ ደንቆሮ አይደለሁም» አለችኝ።

ስመለስ እትዬ ጥሩዬ ጭንቅላቱን ይዘዋል። እናቴ ሲሪንጅ ይዛለች። ቤቱ ፌጦ ፌጦ ይሸታል። ነጭ ሽንኩርትም። ታዘባቸው አፉ ዙሪያ ቡናማ ነገር ተለቅልቋል። ዓይኑ ተገልብጧል። ከዚያ አስታወከ። ደም ነበረበት። እንደገና አስታወከ። ከዚያ የሚወጣ ነገር አልነበረውም፤ ሰውነቱ ግን አላቆመም።

«ኢሚውኒቲው እየሠራ ነው» አሉ እትዬ ጥሩዬ። «በሽታውን እያወጣው ነው።»

ምን እንዳልኳቸው እዚህ አልጽፍም። በሕይወቴ አንቱ የምለውን ሰው እንደዚያ ተናግሬ አላውቅም፤ አንቱነቱን ግን አልተውኩም። ዶክተሩ ተጠርቶ መጣ። አፉን አሸተተና ዞር ብሎ ሁላችንንም አየን። «ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል» አለ። «ፌጦው ደግሞ የተላጠ አንጀት ላይ እሳት ነው። እስካሁን ከቫይረሱ ጋር ብቻ ነበር የምታገለው፤ አሁን ከናንተም ጋር ልታገል ነው?» እናቴ መሬት መሬት አየች። እትዬ ጥሩዬ ቅር ብሏቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

ያን ቀን የሚሞት መስሎኝ ነበር። ሰውነቱ ቀዘቀዘ። የደብረ ታቦር ብርድ ለጤነኛም አይመችም። በጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ከጎኑ አኖርኩ። ፈሳሹ ይንጠባጠባል። እኔ ጠብታውን አያለሁ። ሌላ ምንም አላደርግም። እናቴ ሁለቴ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። አልገባችም።

አልሞተም። ሐሙስ ትውከቱ ቆመ፣ ዓርብ ተቅማጡ ደም አልነበረበትም። ዶክተሩ ድዱን አይቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «እንግዲህ አሁን መብላት አለበት» አለ። «ያ የምትጠይቂኝ ኢሚውኒቲ እኮ ብዙው ያለው አንጀት ውስጥ ነው። አንጀት ደግሞ የሚድነው ምግብ ሲያገኝ ነው። ከአሁን ወዲያ ካልበላ ፈሳሽ ብቻውን አይዘልቅም።» ሩዝ ቀቅዬ አቀረብኩለት፤ ፊቱን አዞረ። እንቁላል ቀቅዬ ነጩን ሰጠሁት፤ አልነካውም። እናቴ እንቁላል የቀቀልኩበትን ብረት ድስት በአመድ ስታሽ ዋለች። ቅዳሜ ስደውልለት ዶክተሩ አሰበና «ዶሮ ቀቅዪለት» አለኝ። «ቆዳውን አውጪ፣ ቅመም የለ፣ ጨው የለ። መረቁ ሲሸተው አፉ ይከፈታል።»

ዶሮ መቀቀል ቀላል ነገር ይመስላል። ሁዳዴ ነበር። ሥጋ ቤቱ ሁሉ ተዘግቷል። በዚያ ላይ ሁለቱ ጾሞች የገጠሙበት ዓመት ነበርና ሙስሊሞቹም ረመዳን ላይ ናቸው። በደብረ ታቦር ከተማ ጠዋትም ቀንም መብላት ያለበት አንድ ውሻ ብቻ ነበር፤ እሱም አልበላም አለ።

ዶሮ ሞልቷል። በሁዳዴ ገበያ ወጥቶ ዶሮ የሚገዛ የለምና እንዲያውም ይለምኑሃል። ችግሩ የሚያርድ ነው። በእኛ አገር ሴት አታርድም። አባቴ ካረፈ ወዲህ እናቴ በየፋሲካው ዶሮዋንና ቢላዋዋን ይዛ ደጅ ላይ ትቆማለች፤ ያለፈውን ወንድ ሁሉ፣ ጎረምሳም ይሁን ሽማግሌ፣ «እባክህ ባርክልኝ» ትላለች፣ እሱም አርዶላት ያልፋል። በሁዳዴ ግን እጁን በደም የሚነክር ክርስቲያን ከየት ይመጣል? ጋፋት ላለው አጎቴ ደውዬ ጠየቅሁት። «ለውሻ ብዬ ጾሜን አላቆሽሽም» ብሎ ስልኩን ዘጋው። አምጥቶ የሰጠን እሱ ነው፣ ያውም።

የነፍስ አባታችን ዘንድ ሄድኩ። መምሬ ቀልድ ያውቃሉ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አግኝቼ ነገሩን ስዘረዝርላቸው በመቋሚያቸው ተደግፈው ሰሙኝ።

«ጾሙ ያንቺ ነው እንጂ የውሻው ነው እንዴ?» አሉኝ። «መቼ ክርስትና ተነሣ? እንስሳ የእግዚአብሔር ፍጥረት ነው። አብዪው።»

«እንግዲያው ያርዱልኛል አባቴ?»

«እኔማ ቀዳሽ ነኝ፣ ልጄ» አሉና ባርከውኝ ገቡ።

ከፀጉር ቤቴ ቀጥሎ ያሉት ልብስ ሰፊው ጋሽ ሰይድ ናቸው። እሳቸው ዘንድ ስሄድ ተስፋዬን ጨርሼ ነበር፤ በረመዳን ጾመው ለሚውሉ ሰው ለውሻ ዶሮ እረዱልኝ ማለት እንዴት እንደሚያሳፍር የደረሰበት ያውቀዋል። ጋሽ ሰይድ ግን አልተቆጡም። የስፌት መኪናውን አቁመው አሰቡ።

«ማረዱስ ግድ የለም» አሉ። «ግን እናትሽ፣ ሰይድ ያረደውን በሁዳዴ ግቢዬ አስገባ ብላ ብታዝንብኝስ? ስንት ዘመን ጎረቤት ነን። እሷን አስፈቅጂና ነይ፣ አሁኑኑ አርድልሻለሁ።»

እናቴን ጠየቅኋት። «ሰው ምን ይላል?» አለች። ውሻውን ታዘባቸው ብላ የሰየመችው ሴትዮ ናት ይህን የምትለኝ። ሁሉም ይፈቅዳል፣ የሚያርድ ግን የለም። የሚያርደው ተገኘ፣ የምትፈቅደው ጠፋች። ግቢው መሀል ቆሜ ጮህኩ። ለማን እንደጮህኩ አላውቅም። ታዘባቸው ካስኩ ሥር ተኝቶ ይሰማኛል፤ ጎድኑ ይቆጠራል። ራሴ ላርድ ተነሣሁና ቢላዋውን ፈለግሁ። አጣሁት።

እሑድ ሰፈሩ በሙሉ ቅዳሴ ሄዷል። ቅዳሴው ገና መጀመሩ ነው። እናቴም ነጠላዋን ለብሳ ስትወጣ አይቻለሁ። እኔ የታዘባቸውን ካኑላ እያጠብኩ ሳለ ከጓሮ በኩል ጩኸት ሰማሁ፤ የዶሮና የሰው። ሮጬ ስደርስ እናቴ ቤተ ክርስቲያን አልሄደችም። ነጠላዋን አጥሩ ላይ ሰቅላለች። የምታረባት እንቁላል ጣይ ገብስማ ዶሮ በእግሯ ሥር ናት። ቢላዋው እናቴ እጅ ላይ ነው።

«በስመ አብ ወወልድ» ትላለች። ዓይኗን ጨፍናለች። እንደገና ትጀምራለች።

«እማዬ፣ ተይ!» አልኩ።

«ዝም በይ!» አለችኝ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። «ክንፏን ያዢልኝ!»

ክንፏን ያዝኩ። መጥፎ አስተራረድ ነበር፤ ዶሮዋን ይቅር በዪን ብያታለሁ። ሲያልቅ እናቴ ቢላዋውን በአፈር አሸችው። ከቤቱ ዕቃ አንዱንም አላስነካችኝም፤ ከጓሮ ድንጋይ አምጥታ ጎለተች፣ አሮጌ የዘይት ቆርቆሮ ጣደች። መረቁ ሲንተከተክ ሽታው እንዳይወጣ ጭስ በዝቶ ይሸፍነው ብላ እርጥብ ባሕር ዛፍ ጨመረችበት። ሁለታችንም እንባችን ፈሰሰ፣ ከጭሱም ከሌላውም።

ታዘባቸው ከቤት ውስጥ ሆኖ አሸተተ። አፍንጫው ተንቀሳቀሰ። እናቴ መረቁን በመዳፏ አቀረበችለት። ላሰ። ቆም አለ። እንደገና ላሰ። ከዚያ መዳፏን እስከ አንጓዋ ድረስ ላሰው። እናቴ እጇን ታጥባ፣ ነጠላዋን ለብሳ፣ ቅዳሴው ሳይወጣ ለመድረስ በፍጥነት ሄደች።

ከዚያ በኋላ ያለው ነገር እንደ ሕመሙ አይደለም፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ እንዲያውም ደስ የሚል ነው፤ መጀመሪያ በማንኪያ መረቅ፣ ቀጥሎ ጣት ጣት የሚያህል የተፈለቀቀ ሥጋ ከሩዝ ጋር፣ ትንሽ ትንሽ እያደረግሁ ቀኑን ሙሉ ስሰጠው ሰነበትኩ፣ ዶክተሩም ካኑላውን አወጣለት። ጉልበቱ ሲመለስ ያወቅሁት የካስኩን ገመድ ማኘክ ስለጀመረ ነው፤ በሌላ ጊዜ ቢሆን እመታው ነበር፣ ያን ቀን ግን ቁጭ ብዬ እያየሁት ሳቅሁ። ፀጉር ቤቷን በበረኪና አጥቤ፣ የተኛበትን ሁሉ አቃጥዬ ከፈትኩ። ደንበኞቼም ተመለሱ፣ ሽታውን ግን ሳያነሡብኝ አልቀሩም።

እዚህ ላይ ቢያልቅ እንዴት ደስ ባለኝ። ሰው ሁሉ ታዘባቸውን በመንገድ ሲያይ «ምን ሰጥታችሁት ነው?» ይላል። እኔ ስለ ሪንገር ላክቴት፣ ስለ አንቲባዮቲክ እናገራለሁ፤ ማንም አይሰማኝም። እናቴ ደግሞ በሁዳዴ ማረዷ እንዳይሰማባት «ያ ፌጦ ነው ያዳነው» ትላለች፤ እሷን አገር ይሰማታል። ዝንጅብል ያለችው ደንበኛዬ «ዝንጅብል ጨምራችሁበት መሆን አለበት» አለች። ኩዌት ያለችው ጓደኛዬ ቡናማውን ቱቦ ካልላክሁ ብላ ነበር፤ አያስፈልግም ስላት ተቀየመችኝ። ፌጦ በሎሚ የውሻ ኢሚውኒቲ ሆኖ ሰፈሩን ዞረ።

የእትዬ ጥሩዬ ልጅ ቡችላ አመጣች። ይህ ቫይረስ አፈር ላይ ለወራት ይቆያል፣ በጫማም ይሄዳል፤ አጥራችን አንድ ነው። ሲታመም ለእኔ አልነገሩኝም፤ ተቀይመውኝ ነበር። መድኃኒቱን ራሳቸው ያውቁታል፣ ከእናቴ አፍ ሰምተውታል። ፌጦ አጠጡት። ነጭ ሽንኩርት ጨመሩበት። ሲያስታውክ በሽታው እየወጣ ነው ብለው ደገሙለት። ሞተ። ያወቅሁት የልጅቷን ለቅሶ በአጥር በኩል ሰምቼ ነው።

እናቴም ሰማች። የያዘችውን አስቀምጣ ወጣች፤ ተከተልኳት። እትዬ ጥሩዬ ደጃቸው ላይ ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ተቀምጠዋል። ልጃቸው ፊቷን ሸፍናለች። ጎረቤቶቹ «ፌጦው አንሶበት ይሆናል» ይላሉ።

«ፌጦ አይደለም» አለች እናቴ፣ ቆማ። «የኛን ያዳነው ፌጦ አይደለም፤ ፌጦውማ ሊገድለው ነበር። ሐኪሙ ነው ያዳነው። መብላት እምቢ ሲል ደግሞ ዶሮ አርጄ መረቅ አጠጣሁት። በሁዳዴ። በዚች በገዛ እጄ።»

አንዷ ሴት አማተበች። እትዬ ጥሩዬ ቀና ብለው አዩዋት።

«የማረድሽ ነገር የእግዜር ነው፣ እሱ ይፍረድ» አሉ። «ምነው ግን ለኔ ብትነግሪኝ?»

እናቴ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ እኔም ቆሜ ቀረሁ።

ስለዚህ ምክሬ ይኸውና። ቡችላችሁ ምግብ ትቶ ሲያስታውክ፣ ተቅማጡም ደም ሲኖረው፣ ስልካችሁን አስቀምጡና ወደ እንስሳት ሐኪም ሩጡ፤ በሬ የያዙት ቢስቁባችሁም ሩጡ። በአፉ የሚገባውን ሐኪሙ ይወስን። ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ አረቄ፣ የማንም ዱቄት አይግባበት። ጤነኛ ውሻ ካላችሁ የታመመው አጠገብ አታድርሱት፣ የረገጣችሁበትን ጫማ በበረኪና እጠቡ። ኢሚውኒቲ የሚጨምር ነገር አለ ወይ ካላችሁኝ አዎ፣ አለ፤ ሳይታመም በፊት የሚሰጥ የፓርቮ ክትባት ነው። እኛ ከተማ አላገኘሁትም፤ ባሕር ዳር ለሚሄድ ሰው ሁሉ ጠይቅልኝ እያልኩ አሰለቸሁ። እናንተም አሰልቹ። ደጋግሞ የሚጠየቅ ነገር ምናልባት አንድ ቀን ይመጣ ይሆናል።

ዶክተሩን አመሰግናለሁ፤ ትዕግሥቱ ከእኔ ይበልጣል። ወረፋቸውን የለቀቁልኝን ሽማግሌ፣ እሺ ብለው የጠበቁኝን ጋሽ ሰይድን አመሰግናለሁ። እናቴን እንዴት እንደማመሰግናት ግን አላወቅሁም። ይህን ጽፌ ስጨርስ፣ የዶሮዋን ነገር ልተወው ወይስ ልጻፈው ብዬ አነበብኩላት። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ጻፊው» አለችኝ። «ፌጦውን የሰማ ሁሉ ይኸንንም ይስማ።»